ዕዝራ ውቤ

በ1980 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የተወለደ፣ በኒው ዮርክ የሚሠራ ሠዓሊና የአኒሜሽን ባለሙያ። የማስተርስ ዲግሪውን በሥነ ጥበብ ከሃንተር ኮሌጅ በ2009 አገኘ። ይበልጥ የሚታወቅበት «ሒሳብ» (2011) የተሰኘው አኒሜሽን የተሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው፤ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ላይ ደግሞ ይሥላል። እያንዳንዱ ሥዕል የቀደመውን ስለሚሸፍን የተሸፈኑት የሚገኙት በቪዲዮው ውስጥ ብቻ ነው። መሣሪያው ካሜራና ኮምፒውተር እንጂ ሌላ ረቂቅ ነገር የለውም፤ ድፍረቱ ያለው ያማረን ሥዕል ለማጥፋት በመጨከን ላይ ነው። ታሪኩ ሕዝቡ የሚቀልድበት የታክሲ ወግ ነው፦ አህያ ሒሳቧን ከፍላ መንገድ ላይ ተዝናንታ ትቆማለች፣ ፍየል ሳትከፍል ወርዳ መኪና ባየች ቁጥር ትሸሻለች፣ ውሻ ግን መልሱን ስላልተሰጠው ዛሬም መኪና ያሳድዳል። ዕዝራ የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል መሥራችም ነው።