የሐን ሥርወ መንግሥት የሞት ምክንያት

አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የቻይናን ታሪክ መረጥኩ። ኢንተርን ሳለን በተረኛነት ሌሊት የጀመርኩት ንባብ ነው፤ አልለቀቀኝም። ታሪክ ጸሐፊ አይደለሁም፣ የሞት ማስረጃ መሙላት ግን አውቃለሁ። የቅርቡ ምክንያት አንድ መስመር ላይ፣ መነሻው ሌላ መስመር ላይ ይጻፋል። የምሥራቅ ሐንን ሲሞሉ ብዙዎች የሚጽፉት አንድ ስም ብቻ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ሊንግ።

ሊንግ እ.ኤ.አ. በ168 ሲነግሥ 12 ዓመት ገደማው ነበር። ልጅ ነው እንግዲህ! የከበቡት ጃንደረቦች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱን አባቴ፣ ሌላውን እናቴ ይል ነበር ይባላል። ካደገ በኋላም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የጨዋታ ገበያ አቁሞ፣ የእልፍኝ ሴቶችን ሻጭ አድርጎ፣ እሱ የነጋዴ ልብስ ለብሶ ይዞር ነበር።

እውነተኛው ገበያ ግን የሹመት ነበር። ከ178 ጀምሮ ሥልጣን ዋጋ ወጥቶለት ተሸጠ። ገንዘብ ያጠረው በዱቤ ይሾምና ሥራ ሲይዝ እጥፍ ይከፍላል፤ እጥፉ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቡት። ጹዊ ሊዬ የተባለ ስመ ጥር ሰው ከሦስቱ ታላላቅ ሹመቶች አንዱን በ5 ሚሊዮን ሳንቲም ገዛ። ንጉሡ 10 ሚሊዮን ሳላስከፍለው ብሎ በሹመቱ ቀን ተቆጨ። ሹሙ ደግሞ ሰው ምን እንደሚለው ልጁን ቢጠይቅ፣ የመዳብ ሽታህን ጠልተውታል ተባለ።

ለእኛ ለተማሪ ቤት ሰዎች የሚከብደው ሌላው ገጽ ነው። በዋና ከተማዋ በሉዎያንግ የነበረው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከ30,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩት። ጃንደረቦቹን የተቹ ምሁራን በ169 ከመቶ በላይ ሞቱ፤ በ172 ከ1,000 የሚበልጡ ታሰሩ። ልብ በሉ፣ እስሩ የተጀመረው በ166 ነው፣ ሊንግ ሳይነግሥ። ስለዚህ መነሻው መስመር ላይ የሱን ስም ለብቻው መጻፍ ይከብደኛል።

በዚህ ላይ ወረርሽኝ መጣ፤ በ171፣ በ173፣ በ179፣ በ182። ሹሙ ዕዳውን ሲሰበስብ፣ ዣንግ ጁዌ የሚባል ሰው በሽተኛውን ተቀበለ። ኃጢአቱን አናዘዘው፣ ድግምት ያለበት ውኃ አጠጣው። ውኃው ትኩሳት አያወርድም። ግን እኔም ክሊኒክ ውስጥ አይቻለሁ፤ ሰው የሚሄደው በር ወደ ተከፈተለት ነው። በአሥር ዓመት በመቶ ሺዎች ተከተሉት፤ በ184 ቢጫ ጨርቅ ጠምጥመው ተነሡ።

ዋናው ዐመፅ በዓመቱ ተደመሰሰ፤ ጦሩ ግን በጄኔራሎቹ እጅ ቀረ። ሊንግ በ189 ሞተ፣ በዓመቱ ሉዎያንግ ተቃጠለች፣ ሥርወ መንግሥቱም በ220 አበቃ።

በዚያው ዘመን ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ሐኪም ነበር። ከ200 በላይ ከነበሩት ዘመዶቹ ሁለት ሦስተኛው ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አለቁ፤ ከዐሥሩ ሟች ሰባቱ በትኩሳት በሽታ። ይህን ቁጥር የምናገኘው በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመድኃኒት ቅመማ ነው፣ ምልክት በምልክት።