ከክፍል ውጭ የሚላክ መልእክት፦ የሚዙሪ ሕግና የእኛ ቴሌግራም

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት አገረ ገዥ ጄይ ኒክሰን «የሴኔት ረቂቅ 54» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ተማሪዎችን ከወሲባዊ ጥቃት ለመጠበቅ የወጣ ስለነበር በግዛቲቱ ሴኔት አንድም ተቃውሞ አልገጠመውም፤ ማንስ ይቃወማል? ሆኖም አንዱ አንቀጽ መምህር ከተማሪው ጋር ለብቻው ሊገናኝበት የሚችል ማንኛውንም ድረ ገጽ እንዳይጠቀም ይከለክል ነበር። ፌስቡክ የግል መልእክት መላኪያ አለውና መምህራኑ አንቀጹን ከፌስቡክ የሚያስወጣቸው አድርገው አነበቡት። የቀድሞ ተማሪም በክልከላው ውስጥ ነበር።

የግዛቲቱ መምህራን ማኅበር ከሰሰ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው የኮል ካውንቲው ዳኛ ጆን ቢተም አንቀጹን አገዱት፤ ክልከላው እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ መምህር ከገዛ ልጁ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት እንኳ ሊነካ እንደሚችል አመለከቱ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት አንቀጹን ሽሮ እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ የራሱን ደንብ እንዲጽፍ አዘዘ።

በዚህ ሁሉ ሁካታ የሕጉ ዋና ቁም ነገር ተድበሰበሰ። ሕጉ፣ ተማሪን ያስነወረ መምህር ከአንዱ ወረዳ በጸጥታ ተሰናብቶ በሌላው እንዳይቀጠር ወረዳዎች መረጃ እንዲለዋወጡ ያስገድዳል። በእኔ ግምት ልጆችን የሚጠብቀው ይህ ክፍል ነው። የፌስቡኩ አንቀጽ ግን ድርጊቱን ትቶ መገናኛውን ከሰሰ። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያም ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ መምህራን ተማሪዎችን በግል ገጻቸው ጓደኛ እንዳያደርጉ ሲያዝ፣ የስልክ ጥሪንና አጭር መልእክትን ሳይነካ አለፈ።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ በአብዛኛው የቴሌግራም ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ኖቱና ወርክሺቱ ወደ ቴሌግራም ገባ፤ ክፍል ተከፍቶም ብዙዎቹ ግሩፖች ቀጠሉ። ልጁ የሚጠቀመው ብዙ ጊዜ በእናቱ ወይም በታላቅ እህቱ ስልክ ነው። መምህሩ ለተማሪው የጻፈውን እናት ማንበቧ ማንም ያላቀደው ጥበቃ ሆኗል፤ ልጁ የራሱን ስልክ ሲይዝ ግን ይቀራል።

የግል ትምህርት ቤቶቻችን ኮሙኒኬሽን ቡክ ለዚህ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። መምህሩ የጻፈውን ወላጅ አንብቦ ይፈርምበታል፤ ጽሑፉም ደብተሩ ውስጥ ይቀራል። ቴሌግራም በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሁለት ሰዎች መካከል የተላከን መልእክት አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ደንብ የመተግበሪያ ስም ከሚዘረዝር ይልቅ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጃል፦ በእያንዳንዱ ግሩፕ ውስጥ ሌላ አዋቂ መኖሩን፣ መልእክቱም አለመጥፋቱን። በውስጥ መስመር ለሚመጣ የቤት ሥራ ጥያቄ መልሱ በግሩፑ ይሰጥ።

የሚከብደው ሌላው ዓይነት መልእክት ነው። አንዲት ተማሪ ማታ «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ይመቱኛል» ብላ ብትጽፍ፣ ወላጅ ሁሉን ይይ የሚለው ደንብ ልጅቷን ለሚመታት ሰው አሳልፎ ይሰጣታል። ለዚህ የተለየ በር ያስፈልጋል፦ መምህሩ መልእክቱን ሳያጠፋ ወዲያው ለርእሰ መምህሩ ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ያሳውቃል፤ ለቤተሰብ ምን፣ መቼና በማን እንደሚነገር የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።