ሁለት መድኃኒት በአንድ መርፌ

በአገር ቤት ሳለን ብዙዎቻችን መርፌ ያልወጋንን ሐኪም እንዳከመን አንቆጥረውም ነበር። እዚህም ሆስፒታል ተኝተን ነርሷ መድኃኒቱን በደም ሥራችን ስትሰጠን ልባችን ያርፋል። ይሁን እንጂ በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች የሚጣመሩበትን ምክንያት የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ታሪኩን በአጭሩ እናቅርብላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ አንድ ሻጋታ በዙሪያው የነበሩትን ጀርሞች ማጥፋቱን ተመለከተ። ከሻጋታው የሚወጣውንም ነገር ፔኒሲሊን አለው። ለበሽተኛ የሚሰጥ መድኃኒት ያደረጉት ግን በኦክስፎርድ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኤርነስት ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቼይን ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1941 አልበርት አሌክሳንደር የተባለ እንግሊዛዊ ፖሊስ ፊቱ በክፉ ቁስል ተመርዞ ሳለ ፔኒሲሊን በመርፌ ተሰጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻለው። መድኃኒቱ ግን እጅግ ጥቂት ስለነበረ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ። በመጨረሻም አለቀ። በሽታው አገረሸበትና በማርች ወር ሞተ።

ሌላም ችግር ነበር። አንዳንድ ጀርሞች ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም እንደሚሠሩ ቼይንና ኤድዋርድ አብርሃም ገና በ1940 ጽፈው ነበር። መድኃኒቱ በሰፊው ሲሠራጭ እንዲህ ያሉት ጀርሞች በየሆስፒታሉ በዙ።

በ1970ዎቹ ቢቻም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተመራማሪዎች ክላቩላኒክ አሲድን አገኙ። ይህ ብቻውን ጀርም የመግደል አቅሙ ደካማ ነው፤ ዋና ሥራው የጀርሙን ኢንዛይም ይዞ ማሰር ነው። እርሱ ሲያስር ጓደኛው ይገድላል። በ1981 ከአሞክሲሲሊን ጋር ተጣምሮ ኦግመንቲን በሚል ስም በእንግሊዝ ለሽያጭ ቀረበ፤ ዛሬ በክኒንም በመርፌም ይሰጣል። በደም ሥር የሚሰጠው የፒፐራሲሊንና የታዞባክታም ጥምረት ደግሞ በ1993 በአሜሪካ ተፈቀደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን ዛሬ ለእነዚህ ጥንዶችም የማይበገሩ ጀርሞች አሉ። መድኃኒቱን ያለ አግባብ መውሰድ ደግሞ ያበዛቸዋል። ያ ፖሊስ መድኃኒት አልቆበት ሞተ፤ እኛ ግን ሞልቶልን ሳለ ትኩሳቱ ሲበርድ በራሳችን ፈቃድ እናቋርጣለን፤ የተረፈውንም ለጎረቤት እንሰጣለን።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስንወጣ ክኒን ከታዘዘልን ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ እንውሰድ። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ለጉንፋን እንዲህ ያለውን መርፌ አንለምን። ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ፣ ከመወጋቱ በፊት ለነርሷ ይንገራት። ዕብራይስጡ ቢያስቸግረን አስተርጓሚ እንጠይቅ እንጂ አፍረን ዝም አንበል።