ድምፅና ቁጥር፤ የ1950 ዓ.ም. ምርጫ ከአምባሰል ሲታይ

በኢትዮጵያ ታሪክ ተራው ሕዝብ ድምፁን በቀጥታ ሰጥቶ እንደራሴዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በመስከረም 1950 ዓ.ም. ነው። ይህ ምርጫ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ሁለት ጉድለቶች ናቸው። አንደኛው የፖለቲካ ፓርቲ ያልነበረበት መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተመረጠው ምክር ቤት ሥልጣን ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በታች የነበረ መሆኑ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ሥራው መለካትና ማስላት ለሆነ ባለሙያ ከሁለቱ አስቀድሞ ሊታየው የሚገባ ሦስተኛ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ምርጫው የተካሄደው ብዛቱ ፈጽሞ ተቆጥሮ በማያውቅ ሕዝብ መካከል መሆኑ ነው። የዚህን ጉድለት ክብደት ለመረዳት ከቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት የአምባሰል አውራጃንና የሐይቅን አካባቢ መመልከት ይጠቅማል።

አምባሰል ስለ ሥልጣን አያያዝ የቆየ ወግ ያለው አገር ነው። የአገሩ ገዥ «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ ማዕረጉም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። እቴጌ መነን አስፋው የተወለዱት ከዚሁ ቤት ነው፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባሉ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔትም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሹማምንት ጋር ይቆጠር ነበር። በግሼን አምባ ላይ ደግሞ ዙፋኑን ሊወርሱ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር የተደረገውና በኋላ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ ምድር፣ በውጫሌ ነው። እንግዲህ በአምባሰል ብዙ ታሪክ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ታላቁ ሥልጣን የሚገኘው በትውልድ፣ በምንኩስና ወይም በሹመት ስለ ነበር፣ በእነዚህ ሁሉ ላይ የባላገሩ ድምፅ የተጠየቀበት ጊዜ አልነበረም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ይህን ወግ ወዲያውኑ አልለወጠም። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው ይህ ሕግ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤትን ቢያቋቁምም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ደንግጎ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም ምርጫው በየወረዳው ባሉ ባለርስቶች በኩል በተዘዋዋሪ መንገድ የሚፈጸም ሆነ። ለውጡ የመጣው በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በታወጀው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ተወላጅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሚኖርበት የምርጫ ክልል ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። የእንደራሴነቱ ዘመን አራት ዓመት ሆኖ ተወሰነ። ስዊዘርላንድ ለሴቶች ዜጎቿ ይህንኑ መብት በአገር አቀፍ ደረጃ የሰጠችው ከዚያ 15 ዓመት ያህል ዘግይታ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሕጉ በዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ነበር ለማለት አይቻልም። በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ።

መምረጥ ለሁሉ የተፈቀደ ቢሆንም መመረጥ ግን እንደዚያ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 የወጣው የምርጫ ሕግ አዋጅ ቁጥር 152 ለእጩነት የንብረት መስፈርት አስቀመጠ፤ እጩው በክልሉ ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ስለዚህ የሌላውን መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ለባለርስቱ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ራሱ ለመወዳደር ግን በሩ የጠበበ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ሕግ በዚሁ ምክር ቤት ዘንድ ሳይጸድቅ መቅረቱ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ከመብቱና ከመስፈርቱ ጋር ሕገ መንግሥቱ አንድ ቁጥርም ደንግጓል። አገሪቱ በተቻለ መጠን እያንዳንዳቸው 200,000 ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ክልሎች እንድትከፈልና እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴ እንዲልክ፣ ሕዝባቸው ከ30,000 የበለጠ ከተሞችም ለብቻቸው እንዲወከሉ ይላል። ድንጋጌው ግልጽና ፍትሐዊ ነው። ችግሩ ግን 200,000 የተባለውን ነዋሪ የቆጠረው ማንም አለመኖሩ ነበር። ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከመጀመሪያው ምርጫ በኋላ ሲሆን፣ መላውን አገር የሚመለከት የሕዝብ ቆጠራም እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ አልተካሄደም። መንግሥት ለረጅም ዘመን የሚቆጥረው ግብሩንና አሥራቱን እንጂ ሰውን አልነበረም። ባላገሩም ቢሆን መቆጠርን አይወድም፤ ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ ግብር የሚከተል ይመስለዋል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ መቅሠፍት መጣ የሚለው የመጽሐፍ ቃልም በአገሩ የታወቀ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ ለድምፅ ቆጠራ ምን ያህል መሠረት እንደሆነ ለማየት፣ በዚያው ዘመን በሌላ አገር የተደረገን ምርጫ ማነጻጸር ይረዳል። ከኢትዮጵያው ምርጫ አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ተካሂዶ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ድዋይት አይዘንሃወር በ457 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ አድላይ ስቲቨንሰንን በሰፊው አሸነፉ። በሚዙሪ ግዛት ግን ስቲቨንሰን 918,273፣ አይዘንሃወር 914,289 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 3,984 ብቻ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1904 ጀምሮ አሸናፊውን ሳትስት ስትመርጥ የኖረችው ሚዙሪ በዚያ ዓመት ከተሸናፊው ጋር ቆመች። ከ1,800,000 በላይ ድምፅ በተሰጠበት ግዛት ይህን ያህል ጠባብ ልዩነት ያለ ከባድ ክርክር ሊጸና የቻለው መዝገቡ ስለሚታመን ነው። ሚዙሪ የነበራት 13 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ እንኳ የተወሰነው በዘፈቀደ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የተደረገው ቆጠራ የግዛቲቱን ሕዝብ 3,954,653 አድርጎ ስለ መዘገበ 11 የምክር ቤት መቀመጫ ደረሳት፤ በዚህ ላይ ሁለቱ የሴኔት መቀመጫዎች ተጨመሩ። አሜሪካ ሕዝቧን በየአሥር ዓመቱ መቁጠር የጀመረችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ነው።

ይህ ሲባል የአሜሪካው ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩት ጥቁሮች በቆጠራው ይገቡ ነበር፤ በምርጫው ግን አብዛኞቹ በልዩ ልዩ ዘዴ ይከለከሉ ነበር። ይህንን በደል ለማስቀረት ዋናው የምርጫ መብት ሕግ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአንድ አገር የተቆጠረ ሁሉ አይመርጥም ነበር፤ በሌላው አገር ደግሞ የሚመርጠው አልተቆጠረም ነበር።

የኢትዮጵያው ግምት ምን ያህል ከእውነቱ እንደራቀ በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። በ1950 ዓ.ም. የተመረጡት እንደራሴዎች 210 ናቸው። የከተሞቹ ድርሻ ለጊዜው ቢተውና ይህ ቁጥር ለሁለት ቢካፈል 105 ክልል ይሆናል፤ በ200,000 ሲባዛም 21 ሚሊዮን ሕዝብ ይሰጣል። በሌላ በኩል የ1976ቱ ቆጠራ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ አግኝቷል። ሕዝቡ በየዓመቱ ከመቶ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል ያድግ ነበር ተብሎ ወደ ኋላ ቢሰላ በምርጫው ዘመን የነበረው ከ22 እስከ 25 ሚሊዮን ይደርሳል። እንግዲህ ጠቅላላው ግምት የሚያሳፍር አልነበረም። ነገር ግን ድምር ትክክል መሆኑ የየክፍሉን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የአንዱ ክልል እውነተኛ ነዋሪ 100,000፣ የሌላው 300,000 ቢሆን ድምሩ አይለወጥም፤ የሁለተኛው ክልል መራጭ ድምፅ ግን የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። መነሻ ነጥቡ ሳይታወቅ ከፍታ ሊለካ እንደማይችል የቅየሳ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ጉድለት የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። በአምባሰልና በጎረቤቶቹ አውራጃዎች ግን ዋጋው በሰው ሕይወት ተከፈለ። በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ፣ በ1965 ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከአምባሰል ቆላ እስከ የጁና ራያና ቆቦ ድረስ ያለው ባላገር ከብቱንና የእርሻ መሣሪያውን ሽጦ ሲጨርስ፣ ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ ወደሚያልፈው አውራ ጎዳና ወረደ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው አሳዩ። በሰኔ 1965 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ረሃቡ ሳያባራ፣ አምስተኛው የእንደራሴዎች ምርጫ ተካሄደ፤ 250 እንደራሴዎችም ተመረጡ። ጉዳዩ በዓለም ዘንድ በሰፊው የታወቀው ግን በምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሆን፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ በግምት ይነገራል፤ ግምቱም ከ40,000 እስከ 200,000 ይለያያል። በሚዙሪ ክርክሩ የነበረው በ3,984 ድምፅ ላይ ነበር፤ በወሎ ግን በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ 160,000 ነፍስ ነው። ከፍተኛው ግምት በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው ከአንድ ሙሉ የምርጫ ክልል ሕዝብ ጋር እኩል ነው። ስንት ሰው እንደሚኖር በማይታወቅበት አገር ስንት ሰው እንደጎደለ ማወቅ አይቻልም፤ ስንት ኩንታል እህል እንደሚያስፈልግ ማስላትም እንደዚሁ። መከራውን ለመደበቅ ለፈለገ ባለሥልጣንም ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አይገኝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ምክር ቤቱም አብሮ ተበተነ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ መድኃኒቱ ቆጠራ ነው ተብሎ በቀላሉ በተደመደመ ነበር። የታሪኩ ተከታይ ምዕራፍ ግን ይህን ድምዳሜ አይደግፍም። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ በጦርነት ምክንያት ቆጣሪዎች ሊደርሱባቸው ያልቻሉ አካባቢዎች በግምት ተሞልተዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወሎ ከቀድሞው የከፋ ረሃብ ላይ ወደቀ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የተመረጠ ብሔራዊ ምክር ቤት አልነበራትም፤ ብሔራዊ ሸንጎ የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ነው። የወሎ ገበሬ በ1965 ዓ.ም. የምርጫ ካርድ ሲኖረው ቁጥር አልነበረውም፤ በ1976 ዓ.ም. ቁጥር ሲያገኝ ደግሞ ድምፁ አልነበረውም። በሁለቱም ጊዜ ተርቧል።

ከዚያ ወዲህ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሁለት ቆጠራዎች ተካሂደዋል። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተላልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫም ያለ እርሱ ተካሂዷል። ይህ መዘግየት ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ብቻ የሚተው የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አይደለም። ውኃ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የእህል መጋዘን ሁሉ የሚነደፉት በሕዝብ ብዛት ላይ ተመሥርተው ነው። ያ መሠረት ግምት ሲሆን ንድፉም ግምት ይሆናል። በሐይቅ አካባቢ ያለው ገበሬ እንደራሴውን ሲልክ፣ እንደራሴው በእጁ የታመነ ቁጥር ይዞ መቆም ይኖርበታል፤ ያን ቁጥር የሚያዘጋጀውም ባለሙያ ቁጥሩን በአደባባይ የሚጠይቅለት እንደራሴ ያስፈልገዋል።