በመተማ መንገድ ፈንጂ ያጸዱት ሕንዳዊ መኮንን

ሌተናል ጄኔራል ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በፈጸሙት ጀብዱ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ የተሰኘውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙ ሕንዳዊ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሜዳይ ያገኙ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንንም ናቸው።

ባጋት በ1911 ዓ.ም በሰሜን ሕንድ ጎራክፑር ተወለዱ። በዴህራዱን የጦር አካዳሚ ሠልጥነው በ1931 ዓ.ም በምክትል መቶ አለቃነት ተመረቁ። አገራቸው በወቅቱ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ያገለገሉት በእንግሊዝ ሥር በነበረው የሕንድ ጦር፣ በቦምቤይ መሐንዲስ ክፍል ነበር።

በ1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዳግም የጦር አውድማ ሆነች። በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው ብርጌድ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም ጋላባትን ቢይዝም መተማን ማስለቀቅ ሳይችል ቀርቷል። አሞራው ውብነህን የመሳሰሉ አርበኞች በበኩላቸው በአርማጭሆና በአካባቢው ጠላትን እረፍት ይነሱት ነበር።

የኢጣሊያ ጦር ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም ሌሊት መተማን ለቆ ሲያፈገፍግ መንገዱን በፈንጂ አጥሮት ሄደ። የ22 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ ባጋት ከአሳዳጁ ጦር ፊት እየቀደሙ ፈንጂ የማጽዳት ግዳጅ ተሰጣቸው።

ባጋት በቀዳሚው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሆነው ለአራት ቀናት፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አስጸዱ። ተሽከርካሪያቸው ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመትቶ አብረዋቸው በነበሩት ላይ ጉዳት ደርሷል፤ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ከደፈጣ ተኩስ ተከፍቶባቸዋል። አንድ የጆሮ ታምቡራቸው በፍንዳታ ተበስቶ፣ አካላቸውም በድካም ዝሎ ሳለ በሌላ መኮንን እንዲተኩ ሲጠየቁ፣ የፈንጂውን አቀማመጥ ከማንም በተሻለ የማውቀው አሁን እኔ ነኝ በማለት ሳይቀበሉ ቀርተዋል። ሽልማቱ ሰኔ 3 ቀን 1933 ዓ.ም በይፋ ተገለጸ።

ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ከጠላት ነጻ ወጣች። ሕንድም በ1939 ዓ.ም ነጻነቷን ስትቀዳጅ፣ በቅኝ ገዥ ሠራዊት ውስጥ የተሸለሙት መኮንን የነጻ አገራቸውን ጦር በማገልገል ቀጥለው እስከ ሌተናል ጄኔራልነት ደረሱ። ከጡረታ በኋላም የኃይል ማመንጫና የጎርፍ መከላከያ ሥራዎችን የሚያካሂደውን የመንግሥት ድርጅት፣ የዳሞዳር ሸለቆ ኮርፖሬሽንን፣ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ1967 ዓ.ም በ56 ዓመታቸው ዐርፈዋል።