መሰላሉና ግድግዳው፦ የመንግሥት አገልግሎት በኢትዮጵያ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ሲታይ

በሚኒሶታ የሴንት ፖል ከተማን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው ስኔሊንግ አቨኒው ለብዙዎቻችን የስደት አድራሻ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ከተባለው ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አካባቢ የአገራችን ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ቡና ተከቦ የሚነሣው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ማን በየትኛው መሥሪያ ቤት ምን ነበር፣ ማን ሾመው፣ ማንስ ሻረው። እያዳመጥን ከቆየን በኋላ ያስተዋልነው ነገር አለ። የሥራ ዕድገቱን በፈተና ወይም በአገልግሎት ዘመን የሚቆጥር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚቆጥረው በሰው ስም ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ከታሪካችን ውስጥ ለመፈለግ ይሞክራል። የአገር ቤቱን ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልን እንሰጣለን።

በጥንቱ ሥርዓት የሹመት መንገድ ደጅ ጥናት ነበር። ሹም ሽር የንጉሡ የአገዛዝ መሣሪያ ስለ ነበረ ማንም ሹም በወንበሩ ላይ እንዲደላደል አይፈቀድለትም ነበር። ተለይቶ የታወቀ ደመወዝም ስላልነበረው የሚኖረው ከሚያስተዳድረው ሕዝብ በሚያገኘው ግብርና መስተንግዶ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌ ዘወትር የሚጠቀሰው ለሥነ ምግባር ጉድለት ማስረጃ ሆኖ ነው። ለእኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰክረው ስለ ዋስትና ማጣት ይመስለናል፤ ነገ በቦታው መቆየቱን የማያውቅ ሰው ዛሬን ይበላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሥራው ስምና ክፍል አገኘ፤ ወንበሩ ግን እንደ ቀድሞው የንጉሡ ነበር። ይህን ጉድለት ቀድመው ካዩት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የንጉሥ ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለዩ አሳስበው ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ነው። እሳቸው ራሳቸው በድሬዳዋ ነጋድራስነት ያገለገሉ የመንግሥት ሰው ስለ ነበሩ የጻፉት ከውጭ ሆነው አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ሕግ መልክ መያዝ ጀመረ። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 መውጣት ጀመረ፤ በ1935 ትእዛዝ ቁጥር 1 የሚኒስትሮችን ሥልጣን ወሰነ። የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1952፣ የማዕከላዊ ሠራተኛ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋሙ። ይሁን እንጂ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ባለሥልጣኖችን የመሾም፣ የማዛወርና የመሻር ሥልጣንን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ የሥራ መደብና የደመወዝ ደረጃ ለታችኛው ሠራተኛ ሲዘረጋ ላይኛው ፎቅ በደጅ ጥናት እንደ ተያዘ ቀረ።

እዚህ ላይ ችሎታ ዋጋ አልነበረውም ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስም ሆኑ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከመሳፍንት ወገን አልነበሩም፤ ያወጣቸው ችሎታና ትምህርት ነው። ነገር ግን ችሎታው በሕግ ሳይሆን በአንድ ሰው ዓይን የሚታይ ነበርና ዓይኑ ሲዞር መሰላሉ ይወድቃል። ወልደ ጊዮርጊስ ከነጻነት ጀምሮ የያዙትን የጽሕፈት ሚኒስትርነት በ1947 ሲያጡ ወደ አርሲ አገረ ገዥነት ተላኩ። ከሚኒሶታ ጎረቤት በዊስኮንሲን፣ ቀጥሎም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ግርማሜ ንዋይ የወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት ሞከረ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ወደ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ፣ በመሥሪያ ቤት ውስጥ በሕግ የሚከራከርበት በር አለመኖሩ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

አሁን ወደ ስኔሊንግ አቨኒው እንመለስ። ከዩኒቨርሲቲ አቨኒው ወደ ደቡብ ጥቂት ዝቅ ሲሉ ማካሌስተር ኮሌጅ ይገኛል፤ በግቢው ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከጋና የመጣው ወጣት ኮፊ አናን በዚህ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ ተምሮ በ1961 ተመረቀ። ያ ዓመት በአዲስ አበባ የማዕከላዊ ሠራተኛ አስተዳደር የተቋቋመበት፣ አክሊሉም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑበት ዓመት ነው። አናን በ1962 ጄኔቫ በሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት በበጀትና አስተዳደር ክፍል በዝቅተኛው የባለሙያ ደረጃ ተቀጠረ። ከ1965 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አገለገለ። ከዚያም በስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፣ በ1987 ደግሞ በዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ረዳት ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1997 ዋና ጸሐፊነቱን ሲረከብ ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ለዚያ ማዕረግ የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ለመጨረሻው ደረጃ የበቃው ያለ ኃያላን መንግሥታት ፈቃድ ነው አንልም። በ1994 በሩዋንዳ እልቂት ጊዜ የሰላም ማስከበሩን ክፍል ይመራ ስለ ነበር የደረሰበትን ወቀሳም አንዘነጋም። የምናነጻጽረው ሰዎቹን ሳይሆን መሰላሎቹን ነው። ዋና ጸሐፊዎች በተለዋወጡ ቁጥር የአናን ማኅደር ከእነሱ ጋር አልተዘጋም። የአክሊሉ አገልግሎት ግን በየካቲት 1966 ሥልጣን በመልቀቅ፣ ሕይወታቸውም ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከተገደሉት ወደ 60 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር አከተመ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው ጥፋት ቢኖርበት የሚመረመርበት ሥርዓት አልነበረም። የመንግሥት ሰውና ንጉሡ አንድ ተደርገው ስለ ታዩ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ተከተለ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው መሰላሉ የተደገፈበት ሰው እንጂ አደጋገፉ አይደለም። በመስከረም 1977 የሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት የአባልነት ደብተር የደጅ ጥናትን ቦታ ያዘ። በ1985 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። በ1987 የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1999 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም ክፍት ቦታ ተወዳድሮ ብልጫ ላገኘ እንዲሰጥ ደነገገ። ሕጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአዋጁ ዘመንም የገዥው ፓርቲ አባልነት ለዕድገት የነበረውን ክብደት አገር ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አልነበረም። አሜሪካም የራሷ ደጅ ጥናት ነበራት፤ በምርጫ ያሸነፈ ወገን መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ለደጋፊዎቹ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ለምኖ የተነፈገ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት መታ፤ ፕሬዚዳንቱም ሞቱ። በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ የተወሰኑ የፌዴራል ሥራዎች በፈተና እንዲያዙ አዘዘ። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የራሱን የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ያወጣው ከዚያ ከ56 ዓመት በኋላ፣ በ1939 ነው። ሥርዓቱ በአንድ ቀን አልተሠራም፤ ሰው ተገድሎ፣ ትውልድ አልፎ፣ እየተከራከሩበት ተሠራ።

እንግዲህ ለእኛ ምን ይቀራል? በመጀመሪያ እውነቱን መጻፍ። ብዙዎቻችን በዚያ መሰላል ላይ ወጥተናል፤ ሌላው ሲወድቅ ዝም ያልንበትም ጊዜ ነበር። ትዝታችንን ስንጽፍ የተሻርንበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተሾምንበትን መንገድም ልንመዘግብ ይገባል። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን በዚሁ ጎዳና አጠገብ ለመንግሥት ሥራ በቁጥርና በውጤት ሲወዳደሩ «ማን ያውቅሃል?» ብለን የመጠየቅ ልማዳችንን መተው አለብን። ሦስተኛ፣ ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ ስንከራከር ማን ይሾም ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ የተሾመው ሲሻር ጸሐፊው፣ መሐንዲሱና መምህሩ በሥራቸው የሚቆዩት በምን ሕግ ነው ብለን እንጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይገኝ የሚመጣ ለውጥ፣ በእነዚያው ቡና ቤቶች ለሚቀመጡ አዲስ ስደተኞች ወንበር ከማዘጋጀት ያለፈ ፍሬ አይኖረውም።