ዞራ የጠበቀች ሯጭ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የአርሲ ልጅ ነው። ስሟን ስጠራው ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የሚያውቁትን ሰው ወግ ደግሞ መስማት ግን ደግ ነው።

በቆጂ ደጋ ነው። ገብስና ስንዴ ያበቅላል፣ የማለዳው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በዚያ ምድር ከ10 ልጆች 7ኛ ሆና የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ ከብት ስትጠብቅ አደገች። እረኝነትን የቀመሰ ያውቀዋል፤ እረኛ የሚሮጠው ያፈነገጠችውን ጊደር መልሶ ከመንጋው ሊቀላቅል ነው፣ ወደ ኋላ ሳያይ የሚሮጥ እረኛም የለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ፍልሰታ ገብቶ፣ ክረምቱ ከብዶ፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ባርሴሎና ላይ ግን በጋ ነው። ሀገራችን ከረጅም ጦርነት ከወጣች ገና አንድ ዓመት አለፍ ቢላት ነው፤ ከ1972ቱ የሞስኮ ኦሊምፒክ ወዲህም የሎስ አንጀለሱ አምልጦን፣ የሴኡሉም አምልጦን፣ ባንዲራችን ከዚያ መድረክ ከጠፋ 12 ዓመት ሆኖታል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በአፓርታይድ ምክንያት ተገልላ ኖራ ከ32 ዓመት በኋላ መመለሷ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሀገሮች በየራሳቸው ቁስል መጥተው፣ አንደኛዋ የ20 ዓመቷን ደራርቱን፣ ሌላኛዋ ነጯን ኤላና ማየርን በ10 ሺህ ሜትር መም ላይ አቆሙ።

ሩጫው ተጀመረና የስኮትላንዷ ሊዝ ማኮልጋን ከፊት ሆና ብዙ መራች፤ ከዚያ ግማሹ ካለፈ በኋላ ኤላና ፍጥነቷን ጨምራ ተፈትልካ ወጣች፤ ከዚያም ያንን ፍጥነት ችላ የተከተለቻት ደራርቱ ብቻ ሆነች። ሁለቱ ብቻቸውን ዙር በዙር ላይ ሲጨምሩ፣ ኤላና ከፊት፣ ደራርቱ ከኋላ ሆነው፣ የእኛ ልጅ አንድም ጊዜ ለመምራት አልቸኮለችም። ወጣት ሆኖ እንዲህ መታገሥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻው ዙር ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት እግር አወጣና ኤላናን አልፋት ሄደች፤ 31 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ ላይም መስመሩን አለፈች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ እሷ ነች።

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ብቻውን ይፈነጥዝ ነበር። እሷ ግን ዞራ ቆመች። ኤላና ደክሟት ስትደርስ ተቃቀፉ፣ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጥቁሯና ነጯ፣ ስታዲየሙን ዞሩት። ይህ ሲሆን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ሕዝብ ገና ድምፅ አልሰጠም፤ ምርጫው የመጣው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ድሉ ከዚያ ወዲያ የተመቻቸ መንገድ አላነጠፈላትም። በ1987 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደርሃም ለዓለም ሀገር አቋራጭ ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ቀን ያህል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቆየች፤ ከውድድሩ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረሰች፤ ሮጠችም፣ አሸነፈችም። በዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ላይ ሩጫው መሀል ጫማዋ ወለቀባት፤ ከኋላ ተነሥታ ስትታገል 4ኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ክረምት በአትላንታ ኦሊምፒክ ጉዳቷን እንደያዘች ሮጣ እንደገና 4ኛ። አራተኛነት ክፉ ነው፤ ሜዳሊያውን እያዩት ያልፋል።

ከዚያ ወለደች፣ አረፈች፣ ተመልሳም ልምምድ ጀመረች፤ በሲድኒ ኦሊምፒክም መስከረም 1993 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወርቋን አጠለቀች፣ ጌጤ ዋሚም ተከትላት ብሩን ወሰደች። በዚያ ሩጫ አብዛኛውን መንገድ ስትመራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ግን 4ኛ ሆና ባዶ እጇን ወጣች። ስሟን አትርሱት።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ። ያ ማራቶን የድልድይ ማራቶን ነው፤ ከስታተን ደሴት ይነሣና በታላቁ የቬራዛኖ ድልድይ ወጥቶ ብሩክሊን ይወርዳል፣ ከዚያ ኩዊንስ፣ ከዚያ ማንሃተን፣ ከዚያ ብሮንክስ፣ ከዚያም ተመልሶ ሴንትራል ፓርክ ይገባል፤ አንዱን ዳገት ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይጠብቃል። ፓውላ የዚያ መንገድ ንግሥት ነበረች፣ ሦስት ጊዜ አሸንፋበታለች፣ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰንም የእሷ ነበር። ደራርቱ 37 ዓመቷ ነው፣ እናት ናት፣ የእሷ ዘመን አልፏል የሚለውም ብዙ ነበር። ፓውላ እግሯን አሟት ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ ዞር ብላ «ነይ፣ አይዞሽ» እያለች ስታበረታታት እንደነበር ይተረካል። ወደ ኋላ የሚቀር ባላንጣ ለሯጭ ሲሳይ ነው፤ እሷ ግን ጠራቻት። ፓውላ አልቻለችም፣ 4ኛ ሆነች። ደራርቱም ከሩሲያዊቷ ሉድሚላ ፔትሮቫ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቃ በ8 ሰከንድ ቀደመቻት፤ ኒው ዮርክን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊትም ሆነች።

ከመሙ ስትወርድ ሌላ ትግል ጠበቃት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት ተረከበች። ይህ ወንበር ከ25 ዙር ይከብዳል ባይ ነኝ፤ ለቡድን የተመረጠ ሯጭ ያመሰግናል፣ ያልተመረጠ ያለቅሳል፣ ሁለቱም ልጆቿ ናቸው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ ሀገር በጦርነት ተከፍላ፣ ወደ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ሳለ፣ ቡድኗ በኦሪገኑ የዓለም ሻምፒዮና 4 ወርቅ፣ 4 ብርና 2 ነሐስ ይዞ ከዓለም 2ኛ ወጣ። ለተሰንበት ግደይ፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴና ጉዳፍ ጸጋይ፣ ሦስቱም የትግራይ ልጆች፣ ለሁላችንም ወርቅ አመጡ። ከፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ 1 ወርቅና 3 ብር ብቻ ሲመጣ ወቀሳው ከበደባት፤ ያንንም ተሸክማ እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ቆየችና ወንበሩን ለቀድሞው ሯጭ ለስለሺ ስህን አስረከበች።

አድማጮቼ፣ የባርሴሎናው ሩጫ ተቀርጾ አለ። ለልጆቻችሁ ስታሳዩ መስመሩን ስታልፍ አታጥፉት፤ ዞራ ኤላናን እስክትጠብቅ ድረስ ይዩ።